ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር እና ዘግይቶ የሚማር ሰው

 

የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ስለ ማን እንደምጽፍ ለመወሰን ብዙ አልተቸገርኩም። ከመግሪብ ሰላት በኋላ በመስጊዳችን ጥግ ተቀምጠው ፊደል የሚቆጥሩትን አባቶችና እናቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ከእነርሱ መካከል ናችሁ። እኔ ደግሞ ከሚያስተምሯቸው አንዱ ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ዘወትር ትዝ የሚሉኝ አንድ ዓሊም አሉ፤ እሳቸውም ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ናቸው። አላህ ይዘንላቸው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል። ሸህ ጦልሃ በታሪክ መጻሕፍት ሲነሱ ብዙውን ጊዜ የሚነሱት በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በወሎ በተቀሰቀሰው ዐመፅ መሪ ሆነው ነው። ይህ እውነት ነው፤ እኔም አልዘለውም። ነገር ግን ጦር ያነሱበት ጊዜ ከረጅም ዕድሜያቸው ውስጥ አጭሩ ነው። እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ የቀረላቸው በአማርኛ ገጥመው ያስተማሩት ትምህርት ነው። ያንን ትምህርት የገጠሙት ደግሞ ለዑለማ ብለው አልነበረም። ዑለማውማ ኪታቡን በዐረብኛ ያነባል። የገጠሙት ዐረብኛ ለማያውቀው፣ በልጅነቱ ኪታብ ለመቅራት ላልታደለው፣ ቀኑን በሞፈርና በከብት ኋላ ለሚያሳልፈው ሰው ነበር። ስለዚህ የእሳቸውን ሕይወት ስናነብ የምናነበው የእኛን ጉዳይ ነው።

ሸህ ጦልሃ የተወለዱት በ1846 ዓ.ም. ግድም (1853 እ.ኤ.አ.) ሲሆን ትውልዳቸው ከአርጎባ ነው። ለእኛ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰዎች አርጎባ ሩቅ አገር አይደለም። ከግሼ ወይም ከመንዝ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ ከታች የተዘረጋው ቆላ አንጾኪያን፣ ኤፍራታንና ይፋትን ይዞ ይሄዳል። የአርጎባ መንደሮች ከሰሜን ከቃሉ ጀምሮ በዚያው በተራራው ጥግ ጥግ እስከ አንኮበር ግርጌ ድረስ ተበታትነው ይገኛሉ። ሕዝቡ በሽመናና በንግድ የታወቀ፣ በሃይማኖቱም የጠነከረ ነው። የደጋው ሰው በጉንና ባናውን ይዞ ወደ ገበያ ሲወርድ፣ የቆላው ሰው ጥጡንና ኩታውን ይዞ ሲወጣ፣ ከሸቀጡ ጋር ዲንም አብሮ ይወጣና ይወርድ ነበር። ብዙዎቻችን አያቶቻችን ሰላትን ከማን ተማሩ ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሚወስደን ወደዚያው ቁልቁለት ነው።

በዚያ ዘመን ዓሊም መሆን ምን ይጠይቅ እንደነበረ ማወቅ ይጠቅማል። ልጁ መጀመሪያ በእንጨት ሉህ ላይ በቀለም እየተጻፈለት የቁርኣንን ንባብ ይማራል። ያንን ሲጨርስ ወደ ፊቅህ ይገባል፤ ቀጥሎ ነሕውና ሶርፍ፣ ከዚያም ተፍሲርና ሐዲስ ይከተላሉ። አንድ ሸህ ሁሉንም አያስተምርም። በፊቅህ የታወቀው በአንድ አገር፣ በነሕው የታወቀው በሌላ አገር ይገኛል። ስለዚህ ደረሳው ኪታቡን በትከሻው አንግቦ ከአገር አገር ይዞራል፤ የመንደሩ ሰው በሚሰጠው እህል ያድራል፤ ለሸሁ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። እንዲህ ሲል ዐሥር ዓመትም ከዚያ በላይም ያልፋል። ከወሎና ከይፋት ዑለማ ብዙዎቹ የወጡት በዚህ መንገድ ነው።

ይህ መንገድ ታላላቅ ዑለማን አፍርቷል። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ለማን የተከፈተ መንገድ እንደሆነ ልብ በሉ። ጥንድ በሬ ያለው፣ ግብር የሚከፍል፣ ልጆች የሚያሳድግ ገበሬ ዐሥር ዓመት ተነሥቶ መሄድ አይችልም። እናት ቤቷን ዘግታ ከሸህ ሸህ አትዞርም። ደግሞም የዲናችን ሕግ እንደምታውቁት ነው። ሰላትና ጾም ግዴታ የሚሆኑት በአካለ መጠን በደረሰ ሰው ላይ ነው። ልጅ ባያውቅ አይጠየቅም፤ ጎልማሳ ግን ይጠየቃል። ዑለማዎቻችን ፈርድ ዐይን የሚሉት ዕውቀት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ሊያውቀው የሚገባው የተውሒድ፣ የጦሃራና የሰላት ትምህርት፣ በዋናነት የሚመለከተው ያንኑ ለመማር ጊዜ የሌለውን ሰው ነው። የተጠያቂነቱና የዕድሉ አለመገጣጠም ትልቅ ችግር ነበር። ዛሬም ነው።

በዚህ ላይ የ1870 ዓ.ም. መከራ መጣ። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር አፄ ዮሐንስና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በእኛው አገር፣ በደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው ልቼ ላይ ታረቁ። ከሁለት ወር በኋላ በግንቦት ወር በቦሩ ሜዳ ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው የተጠራው በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የነበረውን ክርክር ለመፍታት ነበር። ሆኖም በዚያው ጊዜ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዘ። ከወሎ መሳፍንት ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም አፄ ዮሐንስ ሆኑ። ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ በንጉሥ ምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሹመቱን ለማቆየት የፈለገ ባላባት ተጠመቀ። ተራው ሕዝብ የጊዜ ገደብ ተሰጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከአባቶቻችን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። አንዳንዱ አገሩን ጥሎ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ተሰደደ። አንዳንዱ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። መስጊዶች ፈረሱ፤ ዑለማ ተበታተኑ። ይህንን የምጽፈው ቂም ለማደስ አይደለም። ዛሬ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ዕድር ተሰባስበን፣ ለቅሶና ሠርግ ተካፍለን እንኖራለን፤ ይህም የአላህ ጸጋ ነው። የምጽፈው ሸህ ጦልሃ ያስተማሩትን ሰው ማንነት ለመረዳት ስለሚያስፈልግ ነው። እስቲ አስቡት። በ1870 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ፣ ሉሁን ይዞ አሊፍ ባ ማለት የሚጀምር ልጅ፣ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው እስከሞቱበት ጊዜ ድረስ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ጢሙ አጎንቁሏል፤ ምናልባትም አግብቷል። የመማሪያው ዘመን ያለፈው በሽሽትና በድብብቆሽ ነው። አባቱ በሹክሹክታ ካስጨበጠው በቀር ምንም አልያዘም። አንድ ትውልድ ሙሉ ጎልማሳ ሆኖ ሳይማር ቀረ ማለት ነው።

በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ጊዜ ሸህ ጦልሃ ገና የሃያ አራትና የሃያ አምስት ዓመት ሰው ነበሩ። ትእዛዙን አልተቀበሉም። በ1870ዎቹ ዓመታት በወሎ በተነሣው የሙስሊሞች ዐመፅ ከግንባር ቀደም መሪዎች አንዱ ሆኑ። የመሣሪያው ኃይል ያልተመጣጠነ ነበር። በአንድ በኩል ግብፅን በጉንደትና በጉራዕ ያሸነፈው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር፣ በሌላ በኩል ጦርና ጋሻ የያዘ ገበሬና ደረሳ ቆመዋል። ዐመፁ በኃይል ተደመሰሰ። ብዙ ሰው አለቀ፤ ከብቱ ተነዳ፤ አዝመራው ጠፋ። በወሎ ታሪክ ከባድ ከሚባሉት ዓመታት መካከል እነዚያ ይገኙበታል።

ሸህ ጦልሃ ከዚያ ሁሉ በሕይወት ተረፉ። ውድ አንባቢያን፣ ከሽንፈት የተረፈ ሰው ብዙ መንገድ አለው። ተስፋ ቆርጦ ሊቀመጥ ይችላል። በቂም ሊቃጠል ይችላል። ወይም የተረፉትን ጥቂት ደረሶች ሰብስቦ በር ዘግቶ ኪታብ ሊያስቀራ ይችላል፤ ይህም ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም። እሳቸው ግን ከአፄ ዮሐንስ ሞት በኋላ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ተሰጣቸው። ስማቸው ዛሬ በየመንደሩ የሚጠራውም ተራውን ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስላስተማሩ ነው። የአላህን አንድነት፣ የዒባዳን ሥርዓት፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ውዳሴ በአማርኛ ግጥም አዘጋጁ። የጻፉትም በዐረብኛ ፊደል ነው። ይህ ዓይነቱ ጽሕፈት ዐጀም ይባላል።

ዐጀም ምን እንደሆነ ለማያውቁ ወጣቶች ላስረዳ። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ፊደሉ ግን የቁርኣኑ ፊደል ነው። ይህን መንገድ የጀመሩት ሸህ ጦልሃ አይደሉም። ከእሳቸው በፊት በወሎ የነበሩ ዑለማ፣ በተለይም በ1799 ዓ.ም. ግድም (1806/7 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የጀማ ንጉሡ ሸህ ሙሐመድ ሻፊ በዘመናቸው ዲንን ወደ ተራው ሰው ለማድረስ ብዙ ደክመዋል። ሐረሪዎችም ቋንቋቸውን በዚሁ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል። ሸህ ጦልሃ ይህንን የቆየ መንገድ ለብዙኃኑ ማስተማሪያ በሰፊው ከሠሩበት ዑለማ አንዱ ናቸው።

ጥቅሙን ከማስተማር አንጻር ብትመለከቱት ታላቅ ነው። በገጠር ያለ ሙስሊም ጎልማሳ በልጅነቱ ጥቂት ወራት እንኳ ሉህ ፊት ተቀምጦ ከሆነ ሃያ ስምንቱን የዐረብኛ ፊደላት በመጠኑ ያውቃል። ፋቲሓን ያነባል፤ ትርጉሙን ግን አያውቅም። የግዕዙ ፊደል ደግሞ በዚያ ዘመን የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ስለነበር ለእርሱ ሩቅ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው የሚያውቀው ፊደልና የሚያውቀው ቋንቋ አለ፤ ሁለቱ ግን ተለያይተውበታል። ዐጀም ሁለቱን አገናኘለት። አዲስ ፊደል አልጨመረበትም፤ አዲስ ቋንቋም አልጫነበትም። ያለውን ይዞ እንዲነሣ አደረገው። ለጎልማሳ ማስተማር ማለት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ሰውየው ይዞት ከመጣው ዕውቀት መነሣት።

ችግር አልነበረውም ማለቴ ግን አይደለም። ዐረብኛ ለጨ፣ ለቸ፣ ለኘና ለገ የሚሆን ፊደል የለውም። ጸሐፊዎቹ ነጥብ እየጨመሩ ወይም ቀረብ ያለውን ፊደል እየወሰዱ ይጽፉ ነበር። አማርኛ ሰባት ዓይነት የድምፅ ቅርጽ ሲኖረው የዐረብኛ ምልክቶች ፈትሓ፣ ከስራና ደማ ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ የጻፈውን ሌላው ለማንበብ አንዳንዴ ይቸገር ነበር። አንባቢው ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ካወቀው ግን ወረቀቱ ላይ ሲያየው ወዲያው ይለየዋል። እዚህ ላይ ነው የግጥሙ ጥቅም የሚመጣው።

ግጥም በጆሮ ይገባል። ቤት የሚመታ ቃል አይጠፋም፤ አንዱ ስንኝ ቀጣዩን ይጠራል። በወሎና በይፋት ልማድ አንዱ ያወጣል፤ ጉባኤው ይቀበላል። የሚቀበለው ሰው አንዱን ሐረግ በአንድ ሌሊት ሃያና ሠላሳ ጊዜ ይለዋል። ሳይታወቀው ትምህርቱ በአእምሮው ይቀረጻል። በማግስቱ በሬውን እየነዳ፣ ወይም እንዝርቷን እያሾረች፣ ያንኑ ታንጎራጉረዋለች፤ ያንጎራጉረዋል። ማንበብ የማይችለው ሰው ደብተሩን በልቡ ይዞ ይሄዳል። ስለ ድቤውና ስለ ጭብጨባው ዑለማዎቻችን የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የምናገረው ስለ ትምህርቱ ነው። ሌሊቱ የጎልማሳው ትርፍ ጊዜ፣ መሰባሰቢያው የጎልማሳው ትምህርት ቤት፣ ግጥሙ የጎልማሳው መጽሐፍ ነበር። ትምህርቱ ሰውየውን ከሥራው ነቅሎ አልወሰደውም። እርሱ ወዳለበት መጣለት።

አንዳንድ ሰው ይህ ዕውቀትን ዝቅ ማድረግ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ዐረብኛ የቁርኣን ቋንቋ ሆኖ ሳለ በአማርኛ መግጠም ለዓሊም ክብር አይመጥንም ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከባድን ነገር በከባድ ቃል መናገር ለተማረ ሰው አያስቸግርም። ስለ አላህ አንድነት የሚናገረውን ረቂቅ ትምህርት የማረሻና የሞፈር ሰው በሚረዳው ቃል፣ ትርጉሙን ሳያዛንፉ ማቅረብ ግን ኪታቡን ጠንቅቆ ማወቅ ይጠይቃል። ሸህ ጦልሃ ይህን ያደረጉት ዐረብኛ አንሷቸው እንዳልነበረ ሁሉም ይመሰክራል። ለማይችለው ብለው ዝቅ ያሉት ችሎታው ኖሯቸው ነው።

በሌላም አገር እንዲህ ያደረጉ ነበሩ። በዛሬዋ ናይጄሪያ በሶኮቶ የሸህ ዑስማን ዳን ፎዲዮ ልጅ ናና አስማኡ ከ1793 እስከ 1864 እ.ኤ.አ. ኖረዋል። እኒህ ሴት ዐረብኛ የጠለቁ ዓሊማ ሲሆኑ በፉላኒና በሃውሳ ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል ግጥም ይጽፉ ነበር። በየገጠሩ ያሉ እናቶች ከቤት መውጣት ስለማይችሉ፣ በዕድሜ የበሰሉ ሴቶችን አስተማሪ አድርገው አሠለጠኑ። እነዚያ ሴቶች ግጥሙን በቃል አጥንተው ወደ መንደራቸው ተመልሰው ለሌሎቹ ያስተምሩ ነበር። ሶኮቶና ወሎ አይተዋወቁም። ችግሩ አንድ ስለነበር መፍትሔውም ተመሳሰለ። በመካከላችን ያሉ እናቶች ይህን ታሪክ በተለይ እንዲያስታውሱት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በማታው ትምህርታችን ላይ ቁጥራቸው ከወንዶቹ ያነሰው ፍላጎት ጎድሏቸው አይደለም፤ እሳትና ልጅ ስለያዛቸው ነው።

የሁሉም መነሻ ግን ከዚያም ይርቃል። ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የወረደው የመጀመሪያው ወሕይ ማንበብን የሚያዝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሲወርድላቸውም የአርባ ዓመት ሰው ነበሩ። ከሶሓቦች አብዛኞቹ ዲናቸውን የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ነው። ከበድር ዘመቻ በኋላ ከተማረኩት ቁረይሾች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያልነበራቸውና መጻፍ የሚችሉት፣ እያንዳንዳቸው ዐሥር የመዲና ልጆችን መጻፍ ካስተማሩ ነፃ እንዲወጡ ተደርጓል። ፊደል ማስተማር የአንድ ምርኮኛ ነፃነት ዋጋ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። ሸህ ጦልሃ የተከተሉት ይህንን ፈለግ ነው።

ሸህ ጦልሃ በ1928 ዓ.ም. (1936 እ.ኤ.አ.)፣ ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ወደ አኺራ ሄዱ። በተከታዩ ዓመት በ1937 እ.ኤ.አ. የሾንኬው ሸህ ጀውሃር ቢን ሐይደርም አረፉ። በእነዚህ ዓመታት የአርጎባና የወሎ ምድር ታላላቅ መብራቶቿን አጣች። ሸህ ጦልሃ ያዩት ዘመን ሰፊ ነው። የተወለዱት አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ነው፤ የሞቱት ደግሞ አውሮፕላን በሰማያችን ላይ ቦምብ በጣለበት ጊዜ ነው።

ከእሳቸው በኋላ ነገሮች ተለወጡ። በ1961 ዓ.ም. (1969 እ.ኤ.አ.) ቅዱስ ቁርኣን በሸህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና በሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ተተርጉሞ በአማርኛ ታተመ። ይህም የሆነው ሸህ ጦልሃ ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ዐረብኛ የማያውቀው ሰው ስለ ዲኑ በአማርኛ የሚያገኘው እንደ እሳቸው ካሉ ሰዎች ግጥምና ከሸሁ አንደበት ነበር። ከዚያም በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በዐሥራ አምስት የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማት ተሸለመ። ከእናንተ መካከል በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠራችሁ አላችሁ። ሆኖም በየገጠሩ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ብዙ ሰው የተማረውን ፊደል መልሶ ረሳው። እንግዲህ ሁለቱን አነጻጽሩ። ዘመቻው ወረቀትና ሠራዊት፣ ትእዛዝና ሰርተፊኬት ነበረው። ሸህ ጦልሃ አንዱም አልነበራቸውም። ነገር ግን ሰውየው ሌት ተቀን የሚፈልገውን ነገር፣ አላህን የሚያመልክበትን ትምህርት፣ ሊረሳው በማይችል መልክ ሰጡት። ተማሪ የማይረሳው የሚፈልገውንና ደጋግሞ የሚጠቀምበትን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ጎልማሶችን ማስተማር ስጀምር የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። ለልጆች የማስተምርበትን መንገድ ይዤ ሄድኩ። አንድ ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን አባት ከሰው ፊት አስነሥቼ ፊደል አስጠራኋቸው። ተሳሳቱ፤ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። አባታችን ምንም አልተናገሩም፤ በማግስቱ ግን አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄጄ ዐፉ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም በትሕትና ተቀብለውኝ፣ ፊደሉ ሳይሆን ሳቁ እንደከበዳቸው ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹን ለብቻ አደረግን። እያንዳንዱም ጎልማሳ መጀመሪያ የሚማረው የራሱን ስም መጻፍ፣ ቀጥሎ በሰላቱ ውስጥ ዘወትር የሚለውን ቃል ትርጉም ሆነ። እኒያ አባት ዛሬ ከፊት ከሚቀመጡት አንዱ ናቸው።

ያን ጊዜ ነው የሸህ ጦልሃ ሥራ በትክክል የገባኝ። የተበደለ፣ ዘመኑ ያለፈበት፣ በሽሽት ያደገ ሰው ሊማር ሲመጣ ይዞት የሚመጣው አለማወቁን ብቻ አይደለም፤ እፍረቱንም ይዞ ይመጣል። አስተማሪው እፍረቱን ካላነሣለት ፊደሉ አይገባለትም። በራሱ ቋንቋ ሲነገረው፣ ከወገኖቹ ጋር አብሮ ሲቀበል፣ ተሳሳትክ የሚለው ሳይኖር ደጋግሞ ሲል፣ እፍረቱ ይቀልለታል። እነዚያ የአማርኛ ግጥሞች ከተውሒዱ ጋር ይህንን ምሕረት ይዘው ነበር።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ይህንን መጽሔት ዘግታችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ማንበብ የምትችሉ ወጣቶች፣ በሳምንት አንድ ማታ ለመስጊዳችሁ ስጡ፤ ለማስተማር ትልቅ ዓሊም መሆን አያስፈልግም፤ ከሚማረው ሰው አንድ እርምጃ መቅደም ይበቃል። ማንበብ የማትችሉ አባቶችና እናቶች፣ ዕድሜያችን አልፏል አትበሉ፤ ሰላት ግዴታ የሆነበት ሰው የመማሪያ ጊዜው አላለፈበትም። ሽማግሌዎች ደግሞ፣ በቃላችሁ የያዛችሁትን የድሮ መንዙማና የዐጀም ግጥም ልጆቻችሁ እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። በየጎጆው ጣሪያ ስር፣ በየሙዳዩ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ወረቀት ካለ አትጣሉት፤ ምስጥ ሳይበላው ለኮሚቴው አሳዩት። አንድ ሽማግሌ ሲሞት የሚጠፋው ግጥም በሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል።

ሸህ ጦልሃ በጦር ሜዳ ያጡት ብዙ ነው። በአማርኛ ግጥም ያስተማሩት ግን እስከ እኛ ደርሷል። አላህ ሥራቸውን ይቀበላቸው፤ ቀብራቸውን በብርሃን ይሙላው። ለመማር የሚመጡትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ያበርታቸው፤ የሚያስተምሩትንም ትዕግሥት ይስጣቸው። አሚን።